የአውራጁ ልጅ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ጤፍ አብቃይ በሆነው በቢቸና አካባቢ፣ አንድ ስመ ጥር የደቦ አውራጅ ነበረ። ኅዳር ገብቶ ጤፉ ሲደርስ ማጭዱን ይዞ ከአጫጆቹ በቀኝ ጫፍ ይቆማል፤ ዘፈኑን ያወርዳል፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ይቀበለዋል። እሱ ባለበት ማሳ የዛለ ክንድ ይበረታል፤ ቀና ሊል ያሰበ ወገብ ግጥሙ እስኪያልቅ ይታገሣል። ጧት የተገባበት እርሻ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ታጭዶ ያልቃል። ከዚያ ጠላው ይቀዳል፣ ፉከራው ይቀጥላል፣ የባለ ማሳው ቤት እስከ እኩለ ሌሊት ሰው አይጎድልበትም። በዚያ አገር በመኸር ወራት ከጥሩ አውራጅ የበለጠ የሚከበር ሰው አልነበረም።

በአንድ ክረምት ይህ ሰው ታሞ ሞተ። ልጁ ገና ጎረምሳ ነው። መሬቱን ወረሰ፣ በሬዎቹን ወረሰ፣ የአባቱን ማጭድ ወረሰ፤ ከዚህ ሁሉ ጋር ያልጠየቀውንም አንድ ነገር ወረሰ፤ የቀኙን ጫፍ። እዚያ ቁም ያለው የለም። ሌላ የቆመም የለም። በመጀመሪያው የደቦ ቀን ሰው ሁሉ ሲሰለፍ ያ ቦታ ባዶ ቀረና ዐይን ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ ሄዶ ቆመ።

ድምፅ አልጎደለውም። ግጥሙንም ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሰማው በቃሉ ያውቀዋል። ግን ዘፈኑን አውርዶ ገና ተቀባዮቹ ሳይጨርሱ ዞር ይላል። ከኋላው የአንድ ሽማግሌ ማጭድ ዶልዱሞ ጤፉን ከመቁረጥ ይልቅ ሲነቅል ያያል። ከወዲያ በኩል ነዶው ላልቶ ታስሮ ሲፈታ ያያል። በጋሸበው ጤፍ ላይ የገባው ልጅ ከየት ይዞ ወዴት እንደሚያጭድ ግራ ገብቶት ቆሞ ያያል። ያየውን ማለፍ አይሆንለትም። ዘፈኑን አቋርጦ ይሄዳል፣ ማጭዱን ይስላል፣ ነዶውን ያጠብቃል፣ ለልጁ ያሳያል። ሲመለስ ረድፉ ፈርሷል። ግማሹ ተቀምጦ ያወጋል፤ ግማሹ ውኃ ፍለጋ ሄዷል። እንደገና ያወርዳል፣ እንደገና ዞር ይላል። ማሳው ሳያልቅ መሸ፤ በአባቱ ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ጠላውን ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ። እሱ ግን ዝምታቸውን ሰማው።

በሁለተኛው ዓመት ጨከነ። ወደ ኋላ ላላይ ብሎ ለራሱ ማለ። እንደ አባቱ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ አባቱ እየፎከረ፣ የዘገየውን በግጥም እየነካ መራ። አባቱ ሰውን በግጥም ሲነካ የተነካው ራሱ ይስቅ ነበር፤ ልጁ ሲነካ ግን ቃሉ ይቆርጣል። ልቡ ከኋላ ስለሆነ፣ አፉ ብቻ ከፊት ስለሆነ፣ ቀልዱ ቀልድ አልሆነም። አንዱን ባለ ደካማ እግር ጎረቤት በሰው ፊት አሳፈረው። ያ ጎረቤት በማግሥቱ አልመጣም፤ ወንድሞቹም አልመጡም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ደቦ ባለ ማሳው ደግሶ ጎረቤቱን የሚጠራበት ነው፤ የቀረ ሰው ቢኖር ጠላው ይተርፋል። ወንፈል ግን ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ላንተ የዋልኩትን ቀን ነገ አንተ ለእኔ ትውላለህ። ወንፈል ላይ የቀረ ሰው የሚቀረው ከአንድ ማሳ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ካለው ከሁሉም ነው። በዚያ ዓመት የአውራጁ ልጅና የጥቂት ጎረቤቶቹ ጤፍ ከቀኑ አልፎ ቆመ። ነፋስ ሲነካው ይረግፋል። የጤፍ ፍሬ የአንዲት የስንዴ ፍሬን ያህል እንዲመዝን 150 ያህሉ ያስፈልጋል፤ አንዴ ስንጥቃቱ በበዛ ጥቁር መሬት ላይ ከረገፈ ለቅሞ የሚመልሰው የለም።

በዚያ መንደር የወንፈሉ አባላት ከሆኑት መካከል አንዲት ባልቴት ነበሩ። ማጭድ ከያዙ ዘመን ቆጥረዋል። ግን ማን ለማን ስንት ቀን እንደዋለ፣ ማን የልጁ ሰርግ ደርሶበት ያልመለሰው የግማሽ ቀን ዕዳ እንዳለበት፣ ማንና ማን በድንበር ስለተቀያየሙ ጎን ለጎን መቆም እንደሌለባቸው፣ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ይዘውታል። ወንፈል ሊጠራ ሲል ከቤት ቤት ይዞራሉ። ቡና ይጠጣሉ፣ የልጆቹን ጤና ይጠይቃሉ፣ ስለ ላሟ ያወራሉ፤ ወጥተው ሲሄዱ አንድ ቅሬታ ረግቧል። እሳቸውን ሠራተኛ ብሎ የሚቆጥር አልነበረም። «እማማ ዛሬም ሲዞሩ ዋሉ» ይባል ነበር እንጂ።

ደቦ ላይ ጭራሽ የማይታይ አንድ ሰውም ነበረ። ሰው አይወድም ይሉታል። ይህ ሰው የሚመጣው ሁሉም ከተበተነ በኋላ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ በሬዎቹ ጤፉን ሲያበራዩ ውለው፣ ገለባው በመንሽ ከተነሣ በኋላ፣ ፍሬውን ከእብቁ የሚለየው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ በሰው ቀጠሮ አይመጣም። ሰውዬው ላይዳውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አውድማው ዳር ብቻውን ይጠብቃል። ነፋሱ በውድቅት ከመጣ በውድቅት ይነሣል፤ እህሉን በላይዳው እያነሣ ለነፋሱ ይሰጠዋል። ጧት ባለቤቱ ሲመጣ ንጹሕ ጤፍ ተከምሮ ያገኛል። ሃያ ሰው ይህን ሥራ ሊሠራው አይችልም፤ ሃያ ሰው ነፋስ እየጠበቀ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልማ።

ከወጣቶቹ ደግሞ አንድ ችኩል ነበረ። ከረድፉ ቀድሞ ይወጣል፣ ያጨደውን ሳይሰበስብ ይነጉዳል፣ ከኋላው የተንጠባጠበ ዘለላ ይተዋል። የአውራጁን ልጅ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚያበሳጨው እሱ ነበር። ጥሎት የሄደውን ዘለላ እየለቀመ በሆዱ ይረግመው ነበር።

እነዚህን ሁሉ ከሩቅ የሚያዩ ክምር የሚከምሩ ሽማግሌ ነበሩ። ክምር እንዲሁ ነዶ መቆለል አይደለም። የነዶው ራስ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ እየተዘቀዘቀ እየተደራረበ ከተሠራ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውኃው በላዩ ላይ ወርዶ ያልፋል፤ በግድየለሽነት ከተከመረ ግን መሀሉ ሻግቶ ይገኛል። ሽማግሌው ክምሩ ላይ ሆነው ማሳውን በሙሉ ያያሉ። የሟቹን አውራጅ ዘመን ሁሉ ከዚያ ላይ ሆነው አይተውታል።

በሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሰማዩ ተለወጠ። ጊዜው የዝናብ አይደለም፤ ደመናው ግን ከምዕራብ እየተጫነ መጣ። ሦስት ማሳ በአንድ ሳምንት ደርሷል። ባልቴቷ ሁለት ቀን ዞረው የተቀየመውን ጎረቤት ከነወንድሞቹ አመጡት፤ ምን እንዳሉት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጧት ጤዛው ሳይደርቅ ሰው ሁሉ ማሳው ዳር ቆመ። የአውራጁ ልጅ የአባቱን ማጭድ ይዞ ወደ ቀኙ ጫፍ ሲያመራ ሽማግሌው ጠሩት።

«ልጄ፣ ዛሬ ማጭዱን አስቀምጠው። ነዶ እሰርልኝ።»

ፊቱ ተለወጠ። የአውራጁ ልጅ ከረድፉ ኋላ ነዶ ሲሰበስብ ታየ ማለት ለእሱ ሞት ነበር። ግን ሽበት አክብሮ ያደገ ልጅ ነውና ማጭዱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ወደ ኋላ ሄደ።

ቀኙ ጫፍ ባዶ ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ያ ችኩል ልጅ፣ መቆም ያልሆነለት፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ዘሎ ገባና ድምፁን አወጣ። ድምፁ ሻካራ ነው። ዜማውም ልክ አይደለም። ግን ወደ ኋላ አያይም! የሚያየው ከፊቱ ያለውን ያልታጨደውን ጤፍ ብቻ ነው፤ ሰውም እሱን ተከትሎ ያንኑ አየ። ረድፉ ተነሣ።

የአውራጁ ልጅ ከኋላ ሆኖ ሲያይ ሁሉም ነገር እጁ ላይ ነበር። ማሳው በፀሐይ መውጫ በኩል ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ጤዛው ሳይለቅቀው ካልታጨደ ይረግፋል። ሮጦ ለመሪው በጆሮው ነገረው፤ ረድፉ ወደዚያ ዞረ። እግረ ደካማውን ጎረቤት በሁለት ብርቱዎች መሀል አስገባው፤ ያ ለእሱ ተብሎ እንደተደረገ ማንም አላወቀም፤ ራሱ ግን አወቀና ቀና ብሎ አየው። የዶለዶመውን ማጭድ ተቀብሎ የተሳለ ይሰጣል። ውኃው ከመጠየቁ በፊት ደርሷል። ችኩሉ መሪ ሰውን ሊጨርስ እንደሆነ ሲያይ ጠጋ ብሎ «ይህን ግጥም ጨርስና ወገባቸውን ያቅኑ» ይለዋል፤ ያ ልጅ ብቻውን ቢተው እስከ ማታ አያርፍም ነበር። ችኩሉ የሚያንጠባጥበውን ዘለላ ሲለቅም በዚያ ቀን አልረገመውም። ሥራው ይህ ሆኖ አገኘው።

ማሳው ታጨደ፣ ነዶው ታሰረ፣ ክምሩ ቆመ። ማታ ዝናቡ መጣ። ክምሩ አላስገባውም።

ሽማግሌውና ልጁ ጎጆ ውስጥ እሳት ከበው ተቀመጡ። «አባባ» አለ ልጁ፣ «እርስዎ ይህን መቼ አወቁት?»

«ትንሽ ልጅ ሆነህ ከብት ስትጠብቅ። እኩዮችህ ከፊት ሆነው እያፏጩ ይመራሉ፤ አንተ ከኋላ ሆነህ ያነከሰችዋን ታያለህ። ከብት የጠፋባቸው እነሱ ናቸው፤ ካንተ ጠፍቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ አባትህን የነጠቅሁህ ይመስልህ ነበር።»

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «አባትህ ታላቅ አውራጅ ነበር። ግን ከኋላው ምን እንደሚቀር አንድ ቀን አይቶ አያውቅም። ሳይታሰር የቀረውን ነዶ እኔ በጨረቃ ስሰበስብ አድር ነበር። እናትህ የተቀየመውን ስታስታርቅ፣ የተጎዳውን ስታስታምም ትሰነብት ነበር። ሰው ያየው ዘፈኑን ነው። እኛም አልተናገርንም፤ እሱ ባይኖር ማሳው አይታጨድማ። አንተ የአባትህን ሥራ ልትሠራ ስትሞክር የእኛን ሥራ ማን እንደሚሠራው ጠይቀህ አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ አይተረክም። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ይመስለኛል።

በቀጣዩ ዓመት ያ ችኩል ልጅ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወረደ፤ መኸር ሲደርስም አልተመለሰም፤ ወባ ይዞታል አሉ። የባልቴቷ ማሳ ደረሰ። ሰው ተሰለፈ። ቀኙ ጫፍ ባዶ ነው። ዐይኖች እንደ ድሮው ወደ አውራጁ ልጅ ዞሩ። እሱ ግን ተረጋግቶ፣ ፊቱ በርቶ፣ «እኔ የኋላ ሰው ነኝ፤ ራሴን አውቄያለሁ፤ ሌላ ሰው ይምራ» አለ። ሌላ ሰው አልነበረም። አንዱ ሞከረ፣ ተወ። ሌላው አፈረ። ረድፉ እየተጎተተ ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ የደረቀው ጤፍ ጤዛው ለቀቀው። ማታ የማሳው እኩሌታ እንደቆመ ቀረ፤ ከታጨደውም ብዙው ረግፎ ነበር።

ሽማግሌው በዚያ ምሽት እንደ አምናው አላናገሩትም። «ግራ ብቻ የለመደ በሬ አለኝ» አሉ። «ሁልጊዜ በግራው ነው የምጠምደው፤ በግራው ሲሆን ትልሙ እንደ ክር ነው። አንድ ጊዜ ጓደኛው ታመመብኝና ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጀሁት። የጎረቤቴም በሬ ግራ ነው። በቀኝ አልሄድም ብሎ ቢቆም ኖሮ ምን እበላ ነበር? ከብዶት፣ አንገቱን እየጠመዘዘ፣ ትልሙን እያጣመመ በቀኝ ዋለ። ማታ ገለባውን አብዝቼ ሰጠሁት። ጓደኛው ሲድን ወደ ግራው መለስኩት። አንተ ግን ጎንህን ባወቅህ ማግሥት ቀንበሩን አልሸከምም አልህ። እኒህ ሴት ናቸው አምና ጎረቤትህን ያስታረቁልህ። ጤፋቸው መሬት ላይ ነው።»

ልጁ ሌሊቱን አልተኛም። ጧት ከሁሉ ቀድሞ ቀኙ ጫፍ ላይ ተገኘ። ግን እንደ አባቱ ሊሆን አልሞከረም። አንድ አስተዋይ እረኛ ልጅ ጠርቶ ከኋላው አቆመውና፣ «አንተ ዛሬ የእኔ ዐይን ነህ፤ ከኋላ ያለውን እየው፤ እኔ ዞር ካልኩ በስሜ ጥራኝ» አለው። የሚፎክረውን ፉከራ ተወ፤ ማንንም በግጥም አልነካም፤ ዝግ ባለ ዜማ፣ ደካማው ሊከተለው በሚችለው ልክ አወረደ። ደጋግሞ ሊዞር ሲል እረኛው ይጠራው ነበር። ሥራው ያለቀው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ አባቱ ቢሆን በዘጠኝ ሰዓት ይጨርሰው ነበር። ልጁ ከወገቡ ይልቅ ነፍሱ ደክሟት ቤቱ ገባ። ችኩሉ ከመተማ እስኪመለስ ድረስ ግን በየማሳው እንዲህ እያለ መራ፤ ሲመለስ ያለ ቅሬታ ወደ ነዶው ሄደ።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ስለ ዛሬው ሥራችን የሚለውን ደግሞ በአጭሩ ላውጣ።

ሰው ከሌላው ጋር ሲሠራ የሚስማማው መንገድ ምን እንደሆነ በጥያቄና መልስ የሚያውቅ ይመስለዋል። «እኔ መሪ ነኝ»፣ «እኔ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» የሚሉት ቃላት በሥራ ማመልከቻ ላይ ሁሉ አሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ መልሶች የምንመኘውን ሰው ይገልጻሉ። የአውራጁ ልጅም ቢጠየቅ አውራጅ ነኝ ይል ነበር፤ ከልቡም ይለው ነበር። ትክክለኛው ምልክት ያለው ማንም ሳያዘን ዐይናችን የሚሄድበት ነው። ስብሰባ ላይ አንዱ የሚያየው አጀንዳው ገና አለማለቁን ነው፤ ሌላው የሚያየው ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ለመናገር ሁለቴ አፏን ከፍታ መዝጋቷን ነው፤ ሦስተኛው በሪፖርቱ ላይ ያለውን የድምር ስህተት አይቶ ሌላ ምንም አይሰማም። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ዐይን ሊበደር ቢሞክር ሁለቱንም ያጣል።

የራስን መንገድ ደግሞ ከራስ ይልቅ ጎረቤት ቀድሞ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሜሬዲት ቤልቢን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሄንሊ የአስተዳደር ኮሌጅ ለሥልጠና የመጡ ሥራ አስኪያጆችን በቡድን እየከፈለ የንግድ ውድድር ሲያካሂዱ ያጠና ነበር። በአእምሮ ፈተና ብልጫ ያገኙትን ለይቶ አንድ ላይ ያሰባሰባቸው ቡድኖች ያሸንፋሉ ተብሎ ሲጠበቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሁሉም የሌላውን ሐሳብ ስንጥቅ ሲፈልግ ማንም የጋራውን ሥራ ሳይዝ ጊዜው አለቀ። በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ቡድን እንዲሠራለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ሰዎች እንደሚያስፈልጉት አስረዳ። በኋላ ከዚህ ጥናት በወጣው መለኪያ ደግሞ ሰውየው ስለ ራሱ ከሚሰጠው መልስ ሌላ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ምስክርነትም ይጨመርበታል። ክምር ላይ ያሉት ሽማግሌ ይህን ቢሰሙ አይገርማቸውም ነበር። ስለዚህ ራሱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ሥራ በተጣደፈበት ቀን አጠገቡ የነበረን ባልደረባ «እኔ በቀረሁ ቀን የሚጎድላችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። «ጥሩ ነኝ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ይሉኝታ ነው፤ ስለ ጉድለቱ የጠየቀ ግን እውነት ያገኛል።

የሚያሳዝነኝ በየመሥሪያ ቤቱ ለቀኙ ጫፍ ብቻ ዋጋ መስጠታችን ነው። ጎበዝ መምህር ሲገኝ ርእሰ መምህር ይደረጋል፤ ጎበዝ ነርስ ስትገኝ የክፍል ኃላፊ ትሆናለች፤ ደመወዙም ማዕረጉም እዚያ ስለሚበልጥ እምቢ የሚል የለም። በዓመቱ ትምህርት ቤቱ መምህሩን አጥቶ የተጨነቀ ርእሰ መምህር ያገኛል። ከፊት መቆም ለሚሆንለት ሰው ክብር ነው፤ ለማይሆንለት ግን ልክ እንደ ልጁ ሁለተኛ ዓመት ቃሉ መቁረጥ ይጀምራል፤ በበታቾቹ ላይ የሚጮኹ ብዙ አለቆች ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ ዐይናቸውን በግድ ያዞሩ ሰዎች ይመስሉኛል። ላይዳውን ይዞ ነፋስ የሚጠብቀውንም ሰው «ከሰው አይግባባም» ብለን በግምገማ ላይ ነጥብ እንቀንስበታለን፤ ሌሊት ብቻውን ያጠራውን ሒሳብ ግን ጧት እንበላለን።

ከዚህ ደግሞ የሚብሰው ልጁ በአራተኛው ዓመት የሠራው ነው። ራስን ማወቅ በዚህ ዘመን ትልቅ ወሬ ሆኗል፤ «ጠባዬ ነው» የሚለው ቃልም ከእሱ ጋር መጥቷል። ስልክ መደወል አልወድም፣ ከሰው ጋር መጋጨት አይሆንልኝም፣ ዝርዝር ነገር አይመቸኝም እያልን የሌላውን ጤፍ እናስረግፋለን። ጠባያችንን ማወቃችን የሚጠቅመን ከጠባያችን ውጭ መሥራት ያለብን ቀን ሲመጣ ነው። የሚከብደን የቱ እንደሆነ ስለምናውቅ እረኛውን ከኋላ እናቆማለን፤ ዜማውን በአቅማችን ልክ እናወርዳለን፤ ለዕረፍቱም አስቀድመን እናስባለን። ራሱን የማያውቅ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሲቆም ሌላውን ይሰብራል፤ የሚያውቅ ደግሞ ቀስ ብሎም ቢሆን ያደርሳል።

በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ያሉ የዕድር አባላት ኮሚቴ ሊመርጡ ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚጠቆመው ንግግር የሚያምርለት ሰው ነው። ከጥቆማው በፊት ያለፈውን ሐዘን ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር፦ ድንኳኑን ሳይጠራ የተከለው ማን ነበር፣ ማን እንዳልመጣ አስተውሎ በማግሥቱ ቤቱ ድረስ የሄደችው ማን ናት፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ወንበሩንና ብርጭቆውን ቆጥሮ ያስረከበው፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ ምንም ሳይናገር እስከ ማታ የተቀመጠውስ ማን ነበር። ሊቀ መንበሩ ማንም ይሁን፣ የእነዚህ ሰዎች ስም በቃለ ጉባኤው ላይ ከነሥራቸው መግባት አለበት።